የተጎዳ የግቢ ሳርን መልሶ ማልማት

በደጋና በወይና ደጋ ከተሞች የመኖሪያ ግቢን በብዛት የሚሸፍኑት ሳሮች ሰርዶና ኪኩዩ ናቸው። ሁለቱም ከአፈር በላይም በታችም በሚሳብ ግንድ ይስፋፋሉ፤ በየአንጓውም ሥር ይሰዳሉ። ስለዚህ ከላይ የደረቀ ሳር ሁሉ ሞቷል ማለት አይደለም። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የመታው ወይም በበጋ ውኃ ያጣ ሳር ቅጠሉ ገርጥቶም ግንዱ በሕይወት ሊቆይ ይችላል። መቆፈር ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ግንድ ነቅሎ በጥፍር መላጥ ያስፈልጋል። ውስጡ ነጭና እርጥብ ከሆነ ሳሩ የሚሻው ውኃና ጊዜ እንጂ አዲስ ተከላ አይደለም።

ግንዱ ደርቆ የሚሰበር ከሆነ ግን ቀድሞ የሚፈለገው የጉዳቱ ምክንያት ነው። ምክንያቱ ሳይወገድ የተተከለ ሳር ብዙም ሳይቆይ ይራቆታል፤ ገንዘብና ጉልበት በከንቱ የሚፈሰውም በዚህ ነው።

ከሁሉ የሚበዛው ምክንያት የአፈር መጠቅጠቅ ነው። መኪና የሚቆምበት፣ ሰው የሚመላለስበት፣ ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ድንኳን ተተክሎ የሰነበተበት ቦታ አፈሩ ይጠጥራል፤ ውኃ ላዩ ላይ ይተኛል እንጂ አይሰርግም፣ ሥርም አየር ያጣል። በእርጥብ አፈር ላይ ቀጭን ፌሮ ሲሰካ በቀላሉ ካልገባ አፈሩ ተጠቅጥቋል። መፍትሔው አፈሩ ረጠብ ሲል፣ ሳይጨቀይ፣ በሾለ ብረት በየ10 ሳንቲ ሜትሩ እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት መብሳትና ቀዳዳውን በተብላላ ኮምፖስት መሙላት ነው። በጥቁር መረሬ አፈር ላይ ይህ ብቻ አይበቃም፤ ውኃው የሚወጣበት ቦይ ያስፈልጋል። እንግጫ የሚበረክትበት ጥግ ውኃ እንደሚቋጥር ምልክት ነው።

ሌሎቹ ምክንያቶች በመልካቸው ይለያሉ። ሳሩ ሲሳብ እንደ ምንጣፍ ከተነሣ ሥሩን የበላው በአፈር ውስጥ ያለ ነጭ ትል ነው፤ አፈሩን ገልብጦ ትሉን መልቀም ወይም ለዶሮ ማስለቀም ይቻላል። መሐሉ ደርቆ ዳሩ ከሌላው ይልቅ የጠቆረ ክብ የውሻ ሽንት ያቃጠለው ነው፤ ብዙ ውኃ ማፍሰስ ይረዳዋል። ሲሚንቶ የተቦካበት ቦታ ግን የተጋገረው ተፍቆ፣ አፈሩም ወጥቶ በአዲስ አፈር መተካት አለበት።

ለተከላ የሚመረጠው ጊዜ የክረምት መግቢያ፣ ሰኔ ነው። ከጤነኛ ሳር ሁለት ወይም ሦስት አንጓ ያላቸው ቁራጮች ይወሰዳሉ። አፈሩ ከአረምና ከድንጋይ ጸድቶ ከተደለደለ በኋላ፣ በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት በተወጠሩ መስመሮች 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ተቀብረው ጫፋቸው ከአፈር በላይ ይተዋል። አፈሩ በእግር ቀስ ብሎ ይጫናል። ቁራጭ ፀሐይ ላይ ከዋለ ስለሚደርቅ ተቆርጦ በዚያው ቀን ይተከላል። ዝናብ ባልጣለበት ቀን ሥር እስኪሰድ ድረስ ላዩ እንዳይደርቅ ውኃ ይጠጣል፤ ሰውም ከብትም አይረግጠውም።

ሳሩ ከያዘ በኋላ የውኃ አሰጣጡ ይለወጣል። በየቀኑ ጥቂት ከመርጨት ይልቅ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ ጠዋት፣ አፈሩ እስከ 10 ሳንቲ ሜትር እስኪርስ ማጠጣት ሥሩን ወደ ታች ይስበዋል። በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ሲሶ በላይ ማጨድ ሳሩን ያደክማል። ከገረጣ ለ100 ካሬ ሜትር 1 ኪሎ ዩሪያ ቅጠሉ በደረቀበት ሰዓት በእኩል ተበትኖ ወዲያው ውኃ ይፈስበታል፤ ውኃ ሳይፈስበት ከቆየ ቅጠሉን ያቃጥላል።

በጽድና በባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ግን ይህ ሁሉ ድካም ውጤት የለውም። ሰርዶም ሆነ ኪኩዩ ፀሐይ ወዳድ ነው። ቅርንጫፍ ተመልምሎ ብርሃን ካልገባ በቀር ያን ቦታ ለጠጠር ወይም ጥላ ለሚችል ተክል መተው ይሻላል።