ኤምባሲ የሌለው ዲፕሎማት ምን ያስተምራል?

ልጄ፣ ዲፕሎማት ልሁን ማለትሽን ሰማሁ፤ ደግ አስበሻል። ሙያውን ለማወቅ ግን የኃያላኑን አምባሳደሮች አትመልከቺ፤ እነሱን በየደጁ የሚያስገባቸው የአገራቸው ጉልበት ነው። ይልቅ የታይዋንን ዲፕሎማቶች ተመልከቺ። ደሴቲቱ የማን ናት የሚለውን ሙግት ለባለቤቶቹ ተዪውና አሠራራቸውን አጥኚ። አብዛኞቹ የሚያገለግሉት በይፋ በማያውቃቸው መንግሥት ዘንድ ነው። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፍልሻለሁ።

1. የቆምሽበትን እወቂ። በጥቅምት 1971 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ76 ድጋፍ፣ በ35 ተቃውሞና በ17 ድምፀ ተአቅቦ የቻይናን መቀመጫ ከታይዋን መንግሥት ወስዶ ለቤይጂንግ ሰጠ። አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብላ ለቤይጂንግ እውቅና የሰጠችው አገራችንም ከደጋፊዎቹ አንዷ ነበረች። ዛሬ በታይዋን መዲና በታይፔይ የዲፕሎማትነትን ፈተና አልፎ የሚቀጠር ወጣት ያንን ውሳኔ ተሸክሞ ነው የሚወጣው። አንቺም የአገርሽን ጉድለት ከባዕድ አፍ ከመስማትሽ በፊት ራስሽ እወቂው።

2. በማዕረግ አትመኪ፤ ስምን ግን አትናቂ። ዋሽንግተን ያለው ቢሯቸው «የታይፔይ የኢኮኖሚና የባህል ተወካይ ጽሕፈት ቤት» ይባላል። ኤምባሲ አይባል እንጂ ቪዛ ይሰጣል፣ ፓስፖርት ያድሳል፣ ስለ ንግድ ይደራደራል። በሌላ በኩል ሊትዌኒያ በ2021 «ታይዋን» የሚል ስም የያዘ ቢሮ ቪልኒየስ ላይ እንዲከፈት ስትፈቅድ፣ ቤይጂንግ ከእሷ ጋር የነበራትን ግንኙነት ዝቅ አደረገች። የትኛው ስም መሥዋዕትነት እንደሚገባው፣ የትኛውስ ከንቱ ኩራት እንደሆነ መለየት የሥራሽ ግማሽ ነው።

3. አንድ ደጅ ብቻ አትጥኚ። በ1979 መጀመሪያ የአሜሪካው የካርተር መንግሥት እውቅናውን ወደ ቤይጂንግ ሲያዞር፣ ኮንግረሱ በዚያው ዓመት የታይዋን ግንኙነት ሕግን አወጣ። ሕጉ ይፋዊ ያልሆነው ግንኙነት እንዲቀጥልና ለታይዋን የመከላከያ መሣሪያ እንዲቀርብላት መንገድ ከፈተ። የታይዋን ዲፕሎማቶች ከኮንግረሱ ጋር ያላቸውን ወዳጅነት ሳያቋርጡ ተንከባከቡት። በጥር 2021 በዋሽንግተን የታይዋን ተወካይ ሺያዎ ቢኪም በፕሬዚዳንት ባይደን በዓለ ሲመት ላይ በይፋ ተጋብዘው ተገኙ፤ ከ1979 ወዲህ እንዲህ ያለ ግብዣ የመጀመሪያው ነበር። አርባ ዓመት ያህል መታገሥ ማለት ይህ ነው።

4. ሰነድሽን በጊዜ አሰናጂ። የዋሽንግተኑ የአምባሳደር መኖሪያ ትዊን ኦክስ ግንኙነቱ ሊቋረጥ ቀናት ሲቀሩት በ10 ዶላር ለወዳጅ ማኅበር ተሸጠ፤ በ1982 መልሰው ገዙት። ማናጓ ላይ ግን አልሆነም። በ2021 ኒካራጓ ፊቷን ወደ ቤይጂንግ ስታዞር የኤምባሲውን ሕንፃ ለካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ለመስጠት ቢሞክሩም መንግሥቱ ወረሰው። ብልሃቱ አንድ ነው፤ ልዩነቱ የአገሩ ሕግ ነው። የምትሠሪበትን አገር ሕግ ከራስሽ አገር ሕግ እኩል አጥኚ።

5. ችሮታ ብቻውን ወዳጅ አያቆይም። ታይዋን ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ሩዝ የሚያስተምሩ የግብርና ባለሙያዎችን ወደ አፍሪካ ላከች፤ በተባበሩት መንግሥታት ድምፅ ለማግኘትም ጭምር ነበር። ዛሬ በአህጉሩ እውቅና የሰጣት መንግሥት ኤስዋቲኒ ብቻ ነው። ከ2016 እስከ 2024 መጀመሪያ ይፋዊ ወዳጆቿ ከ22 ወደ 12 ወረዱ። እርዳታው ግን ከንቱ ነበር አትበይ፤ ገበሬው ያገኘው እውቀት በመንግሥቱ ፊርማ አይሻርም። ለመንግሥት ስትሠሪ ለሕዝቡም የሚተርፍ ነገር ሥሪ።

6. ወገንሽን አስቀድሚ፣ ራስሽንም ጠብቂ። በመስከረም 2018 አውሎ ነፋስ ኦሳካ አጠገብ ያለውን የካንሳይ አየር ማረፊያ ሲዘጋ፣ የቻይና ቆንስላ ዜጎቹን በራሱ አውቶቡስ አወጣ የሚል ወሬ ተነዛ። መንገደኞቹን ያጓጓዘው አየር ማረፊያው ራሱ ነበር። እውነቱ እስኪጣራ ግን የታይዋን ቢሮ ዜጎቹን አልረዳም ተብሎ የወቀሳ ናዳ ወረደበት፤ የኦሳካው ኃላፊም በቀናት ውስጥ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። ስለዚህ የተቸገረ ወገን ስልክ ሲደውል አንሺ፤ ሐሰትን ሳይውል ሳያድር በማስረጃ መልሺ፤ ወቀሳ ሲበዛብሽ ደግሞ ለባልደረባሽና ለቤተሰብሽ ተናገሪ። ብቻውን የሚሸከም ሰው ይሰበራል፤ የተሰበረ ሰው ደግሞ ማንንም አያገለግልም።

በይ፣ አሁን ፈተናሽን አጥኚ። ከቋንቋዎቹም ሌላው ሰው የሚሸሸውን፣ ከባዱን ምረጪ።