ከብረቱ ስም በፊት ጣትና ክብደት፤ ለብሉዝ ጊታር ስላይድ አመራረጥ

ለብሉዝ ጊታር ስላይድ ሊገዛ የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚጠይቀው «ናስ ይሻላል ወይስ ብረት?» ብሎ ነው። የሚሰጠውም መልስ የታወቀ ነው፤ ናስ ሞቅ ያለ፣ ብረት ጠራ ያለ፣ መስታወት ለስለስ ያለ ድምፅ አለው ይባላል። ምክሩ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ግን ተገልብጧል። ይህ ጣት ላይ የሚጠለቅ ቱቦ ጥሩ ድምፅ ማውጣት አለማውጣቱን በመጀመሪያ የሚወስኑት ከጣት ጋር መግጠሙ፣ ክብደቱ፣ ርዝመቱና የገጹ ልስላሴ ናቸው፤ የተሠራበት ማዕድን የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው። ገንዘብም ጊዜም የሚባክነው ይህ ሲዘነጋ ነው። ጣቱ ላይ የሚዋልል ናስ ገዝቶ ድምፁ ያላማረው ጀማሪ ወደ ብረት፣ ከብረትም ወደ መስታወት ሲዞር ያንኑ ችግር ይዞ ይዞራል። ስለዚህ እዚህ የቀረበው አመራረጥ ከጣት ተነሥቶ በማዕድኑ ያበቃል።

ምክንያቱን ለማየት ስላይድ የሚሠራውን ሥራ መረዳት ያስፈልጋል። በተለመደው አጨዋወት ጣት ክሩን ወደ አንገቱ ተጭኖ ፍሬት ላይ ያሳርፈዋል፤ የሚርገበገበውን የክር ርዝመት የሚወስነው በእንጨቱ ላይ ተቸንክሮ የማይነቃነቀው ፍሬት ነው። በስላይድ ሲጫወቱ ግን ክሩ ወደ ታች አይወርድም፤ የማሲንቆ ተጫዋች ክሩን ከአንገቱ ጋር ሳያጣብቅ በጣቱ ነክቶ ድምፁን እንደሚያገኝ ሁሉ፣ ስላይዱም ክሩን ከላይ ነክቶ የፍሬቱን ሥራ ራሱ ይረከባል። ልዩነቱ ፍሬት በእንጨት፣ ስላይድ ግን በሥጋና በጅማት መያዙ ነው። ስላይዱ በጣም ቀላል ከሆነ ከክሩ ጋር አብሮ ይንቀጠቀጣል፤ የክሩ ጉልበት ወደ ጣት ሥጋ ይፈስሳል፤ ድምፁም ቶሎ ይሞታል። ክብደት ያለው ስላይድ በክሩ እንቅስቃሴ በቀላሉ ስለማይናወጥ ጉልበቱን ወደ ክሩ ይመልሰዋል፤ ድምፁም ይረዝማል። ጣት ላይ የሚዋልል ስላይድ ደግሞ ምንም ያህል ቢከብድ መርጋት አይችልም።

እንግዲህ የመጀመሪያው እርምጃ ጣት መምረጥ ነው። ትንሿ ጣት ላይ ካጠለቁት ሌሎቹ ሦስቱ ለኮርድና ለተለመደው አጨዋወት ነጻ ይሆናሉ፤ የብሉዝ ጊታር ተጫዋቾቹ ኤልሞር ጄምስ፣ መዲ ዋተርስና ጆኒ ዊንተር በትንሿ ጣት ነበር የሚጫወቱት። የቀለበት ጣት የበለጠ ጉልበትና ቁጥጥር አለው፤ ዱዌን ኦልማን ስላይድ ያደረገውን የመድኃኒት ጠርሙስ ያጠለቀው በዚህ ጣት ነው። ቦኒ ሬይት በመሃል ጣቷ ትጫወታለች፤ በዚህ አያያዝ ግን ከስላይዱ ኋላ ክሩን የሚያፍን አንድ ጣት ብቻ ይቀራል። ይህ ማፈን ቀላል ነገር አይደለም፤ ከስላይዱ በስተኋላ ያለው የክር ክፍል ካልታፈነ የራሱን ድምፅ ያሰማል፤ የጀማሪ አጨዋወት የተዝረከረከ የሚመስለውም በብዛት ከዚህ የተነሣ ነው። በስላይድ ብቻ ሳይሆን ኮርድም እየቀላቀሉ መጫወት ለሚፈልጉ ትንሿ ጣት ትሻላለች፤ ለሌላው ሁሉ የቀለበት ጣትን እመርጣለሁ።

ጣቱ ከተመረጠ በኋላ ይለኩት። ቀጭን ወረቀት በመካከለኛው አንጓ ዙሪያ ጠቅልለው የዙሪያውን ርዝመት በ3.14 ያካፍሉ፤ ዙሪያው 63 ሚሊ ሜትር ከሆነ የስላይዱ የውስጥ ስፋት ወደ 20 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ጣት ጠዋት በብርድ ከሚኖረው ውፍረት ይልቅ ከሰዓት በኋላ አበጥ ስለሚል የሚለካው እጅ ሲሞቅ ነው። መግጠሙን ለማረጋገጥ እጅዎን ወደ መሬት ቁልቁል ዘርጋ አድርገው ያወዛውዙት፤ ስላይዱ መውደቅ የለበትም፤ በሌላው እጅ ሲጎትቱት ደግሞ ሳያስጨንቅ መውጣት አለበት። ትንሽ ከሰፋ በውስጡ ቀጭን ቆዳ ወይም ስፖንጅ መለጠፍ ያስተካክለዋል። ከጠበበ ግን መድኃኒት የለውም፤ ይተዉት።

ከዚህ በኋላ ክብደት ይመጣል፤ የክርክሩም ዋና ማስረጃ እዚህ ነው። 60 ሚሊ ሜትር ርዝመትና 20 ሚሊ ሜትር የውስጥ ስፋት ያለው ቱቦ እንውሰድ። የግድግዳው ውፍረት 1.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከብረት ቢሠራ ወደ 48 ግራም፣ ከናስ ቢሠራ ወደ 52 ግራም ይመዝናል። ውፍረቱን ወደ 3 ሚሊ ሜትር ብናሳድገው ብረቱ 101፣ ናሱ 110 ግራም ገደማ ይሆናል። ብረቱን በናስ መቀየር ክብደቱን በአሥር በመቶ እንኳ አይለውጠውም፤ ውፍረቱን መቀየር ግን ከእጥፍ በላይ ያደርሰዋል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ወፍራም ናስና ስስ ብረት ጎን ለጎን ሞክሮ «ናሱ ሞላ ያለ ድምፅ አለው» የሚል ሰው የሰማው በአብዛኛው ውፍረቱን ነው። በዚያው ስስ ልክ የተሠራ አሉሚኒየም 16 ግራም ብቻ ስለሚሆን ለብሉዝ አይጠቅምም። መስታወትም ወፍራም ሆኖ የሚሠራው በዚሁ ምክንያት ነው፤ እንደ ስሱ ብረት 45 ግራም ገደማ ለመመዘን 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያስፈልገዋል።

ታዲያ ምን ያህል ክብደት? ይህ በጊታሩ ላይ የተመሠረተ ነው። ክሮቹ ስስና ዝቅ ያሉ የኤሌክትሪክ ጊታር ከባድ ስላይድ አይችልም፤ ክሩ እስከ ፍሬቱ ጎብጦ ይንጫጫል። ለእንዲህ ያለው ከ40 እስከ 60 ግራም ይበቃል፤ ጆኒ ዊንተር የኤሌክትሪክ ሽቦ ከሚያልፍበት የብረት ቱቦ የተቆረጠ ስላይድ ይጠቀም ነበር። ወፍራም ክርና ከፍ ያለ አቀማመጥ ላለው አኮስቲክ፣ በተለይም ናሽናል ኩባንያ ከ1927 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለሠራቸው ባለ ብረት ሬዞኔተር ጊታሮች 80 ግራምና ከዚያ በላይ ይመቻል። ቅኝቱም ይታሰብ፤ ኦፕን ጂ ሲቃኙ ስድስተኛው፣ አምስተኛውና አንደኛው ክር ይላላሉ፤ በዚህ ቅኝት ከባድ ስላይድ የሚወዱ ከሆነ ክሩን ወፈር ያድርጉ። ኦፕን ኢ ደግሞ ሦስት ክሮችን ወደ ላይ ስለሚያጠብቅ የበለጠ ክብደት ይሸከማል።

«የድሮዎቹ ሊቃውንት ይህን ሁሉ ግራም መቼ ቆጠሩ?» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ሙዚቀኛው ደብልዩ ሲ ሃንዲ በ1903 (እ.ኤ.አ.) ገደማ በሚሲሲፒ ቱትዋይለር ባቡር ጣቢያ ያየው ሰው ቢላዋ በክሩ ላይ እየጫነ ነበር የሚጫወተው። ተቃውሞው ግን የሚመስለውን ያህል አይሄድም። ፍሬድ ማክዳውል ከበሬ ጎድን አጥንት ከተሠራ ስላይድ በኋላ ወደ ጠርሙስ አንገት ተሻገረ፤ ጠንካራና ጥርት ያለ ድምፅ ፈልጎ መሆኑ ነው። ሎውል ጆርጅ ለመኪና ካንዴላ መፍቻ የሚያገለግል ቡሶላ ጣቱ ላይ አጠለቀ፤ የዚያ ወፍራም ብረት ክብደት ረጅሙን፣ የማይቋረጠውን ድምፁን ረድቶታል። እነዚህ ሰዎች በእጃቸው ያገኙትን አነሡ እንጂ ያገኙትን ሁሉ አልያዙም፤ በጆሯቸው መዝነው ያላገለገላቸውን ጣሉ። ሚዛን የሌለው ሰው በዓመታት የሚደርስበትን ግራሙን የሚያውቅ ገዢ በአንድ ከሰዓት ሊደርስበት ይችላል።

ርዝመት ብዙ አያከራክርም። ስድስቱንም ክር መሸፈን ለሚሻ 60 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ ጣቱ ረጅም ከሆነ 70 ይሁን። አንድ ሁለት ክር ብቻ እየነኩ ዜማ ማውጣት ለሚወዱ አጭሩ የተሻለ ነው፤ ኧርል ሁከር በአጭር ብረት ስላይድ፣ በተለመደው ቅኝት የተጫወተው ከሌሎቹ ጣቶቹ ጋር እያቀያየረ ነው። ገጹን ግን በጥንቃቄ ይመርምሩ። ጥፍርዎን በቱቦው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይጎትቱ፤ የሚያሰናክል ጭረት ወይም የብየዳ መስመር ካለ በተጠቀለሉት ወፍራም ክሮች ላይ ሲንቀሳቀስ ይጮሃል። ሁለቱም ጫፎች የተሞረዱና ክብ የሆኑ መሆን አለባቸው፤ ስለታም ጫፍ ጣትንም ክርንም ይጎዳል። ቱቦው ቀጥ ያለ መሆኑን ደግሞ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አንከባለው ይዩ።

አሁን ወደ ማዕድኑ መጣን። ክብደቱና ልስላሴው እኩል ቢሆንም በናስና በብረት መካከል ጆሮ የሚለየው ነገር አለ የሚሉ ተጫዋቾች አሉ፤ ልክ ናቸው። ልዩነቱ ግን በዋናነት ከገጽ ጥንካሬ የሚመጣ ነው። ናስ ከክሩ ብረት ስለሚለሰልስ በጊዜ ብዛት ደቃቅ ጭረት ይይዛል፤ ከክሩ ጋር ያለው ሰበቃ ይጨምራል፤ ያ ትንሽ የሚያጉረመርም፣ አፈር አፈር የሚል ድምፅ ለአኮስቲክ ብሉዝ ይስማማል። ክሮም የተለበጠ ብረት ግን ሳይጫር ለዓመታት ይቆያል፤ ሲንሸራተት ዝም ይላል፤ ድምፁም የጠራ ነው፤ አምፕሊፋየር እያንዳንዷን ኮሽታ ስለሚያጎላ ለኤሌክትሪክ ጊታር ይህን አስቀድማለሁ። መዳብ ከናስም ይለሰልሳል፤ የውጭ ስፋቱ 22 ሚሊ ሜትር የሆነው የመዳብ ውሃ ቧንቧ ባለ 1 ሚሊ ሜትር ግድግዳ ሆኖ በስድስት ሴንቲ ሜትር ርዝመት ወደ 35 ግራም ብቻ ስለሚመዝን ስስ ክር ላለው ጊታር መለማመጃ ይሆናል።

ስላይድ የሚሸጥ የሙዚቃ ሱቅ በማይገኝበት ከተማ የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ያገለግላል። ግማሽ ኢንች የብረት ቧንቧ ውስጡ 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ 60 ሚሊ ሜትሩ 70 ግራም አካባቢ ይመዝናል፤ ለቀጭን ትንሽ ጣት ይሆናል። ባለ ሦስት አራተኛ ኢንቹ ውስጡ 21 ሚሊ ሜትር አልፎ ክብደቱም ወደ 90 ግራም ይደርሳል፤ ለቀለበት ጣት ነው። በብረት መጋዝ ይቁረጡት፤ ጫፎቹን በሞረድ ያክብቡ፤ ወይም ቶርኖ ቤት ወስደው ውጭውን ያስልሱ። ቶርኖው በውስጥ ያለውን የብየዳ መስመርም ሊያነሣ ይችላል። ቧንቧው የዚንክ ልባጥ ካለው በላብ እያደር ስለሚነሣ ሙሉ በሙሉ ቢወገድ ይሻላል።

ለስላይዱ ከመክፈልዎ በፊት በራስዎ ጊታር ወይም በክር ውፍረት በሚመሳሰለው ይፈትኑት። በ12ኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል ከ2.5 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ቢኖር ለኤሌክትሪክ ጊታር ጥሩ ነው። ስላይዱን ልክ ከፍሬቱ ብረት በላይ፣ ከእሱ ጋር ትይዩ አድርገው ክሩን ሳይጫኑ ያሳርፉት፤ በሌሎቹ ጣቶች ከኋላ ያፍኑ፤ አንድ ጊዜ ይምቱና ድምፁ እስኪጠፋ ያዳምጡ። ቀጥሎ ያንኑ በሦስተኛው ፍሬት ይድገሙ፤ እዚህ ክሩ ለፍሬቶቹ ይበልጥ ስለሚቀርብ የስላይዱ ከባድነት ይጋለጣል። እዚህ የሚንጫጫ ወይም 12ኛው ላይ ድምፁ ቶሎ የሚሞት ስላይድ ለጊታርዎ አይሆንም። በመጨረሻ እጅዎን ወዲያ ወዲህ በፍጥነት አንቀጥቅጠው ቪብራቶ ይሞክሩ፤ የእጅ አንጓዎ ከደከመ ለእርስዎ ከብዷል።

ከገዙት በኋላ ናስና መዳብ በላብ ይጠቁራሉ። ጥቁረቱ ድምፁን አይጎዳም፤ የሚጎዳው ጭረት ነው። ጥፍር የሚያሰናክል ሲሆን በቁጥር 1000፣ ከዚያም በቁጥር 2000 ብርጭቆ ወረቀት እያረጠቡ በቱቦው ርዝመት ይፈግፍጉት። ክሮም የተለበጠውን ግን እንዲህ አይንኩት፤ ልባጡ መላጥ ከጀመረ በሌላ ይተኩት።