ማባከንን ስለ መተውና ቤትን በልክ ስለ ማስተዳደር

ሲሳይን ለሚሰጥና ልኩንም ለሚያውቅ ለአላህ ምስጋና ይገባው። በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸውም ላይ ሰላትና ሰላም ይውረድ። ከዚህ በኋላ፤

ወንድሜ ሆይ፤ አላህ ይምራህና ይህን እወቅ። ሰው በትንሣኤ ቀን ስለ ገንዘቡ ሁለት ጥያቄ እንደሚጠየቅ ነቢያችን አስተምረዋል። አንደኛው ከወዴት እንዳገኘው፣ ሁለተኛውም በምን ላይ እንዳዋለው ነው። ነጋዴዎቻችን ስለ መጀመሪያው ጥያቄ ይጨነቃሉ፤ ሚዛናቸው እንዳይጎድል፣ ወለድም እንዳይነካቸው ዓሊሞችን ይጠይቃሉ። ይህ መልካም ነው። ስለ ሁለተኛው ጥያቄ ግን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ይህም ትምህርት የተጻፈው ስለ ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

የአሞሌው ምሳሌ

ከአንኮበር አምባ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል የወረደ ሰው አልዩ አምባን ያገኛል። ይህች ስፍራ ከመቶ ሰማንያ ዓመት በፊት የሸዋ የንግድ በር ነበረች፤ ከታጁራና ከሐረር የሚመጡ ቅፍለቶች በርሷ ያርፉ ነበር። በገበያዋም የማርያ ቴሬዛ ብርና አሞሌ ጨው ጎን ለጎን ይሠራባቸው ነበር። አሞሌ ማለት ከአፋር የጨው ሜዳ እየተጠረበ የሚመጣ የጨው ጡብ ነው። ዝናብ ቢያገኘው ይሟሟል፤ ቢወድቅ ይሰበራል፤ የተሰበረውም በሙሉ ዋጋው አይሄድም። ስለዚህ አባቶቻችን አሞሌያቸውን ከእርጥበት እየሸሸጉ በጥንቃቄ ይጠብቁት ነበር።

የዛሬው ብር በዝናብ አይሟሟም። ነገር ግን በጓዳ፣ በምድጃና በድግስ ቤት ማንም ሳያየው ይሟሟል። ብዙ ነጋዴ የከሰረ በገበያ መስሎት ገበያውን ይረግማል። ሒሳቡን ቢመረምር ግን ገንዘቡ የፈሰሰው ከገዛ ቤቱ እንደ ሆነ ያገኘዋል።

ማባከን ምን እንደ ሆነ

ዓሊሞች ይህን ነገር በሁለት ስም ይጠሩታል። በተፈቀደ ነገር ላይ ከልክ ማለፍ ኢስራፍ ይባላል፤ ለምሳሌ ለአምስት ሰው የሚበቃውን ለዐሥር ሰው አብስሎ መጣል ነው። ገንዘብን በማይገባው ስፍራ ማፍሰስ ደግሞ ተብዚር ይባላል። በቁርኣን በኢስራእ ምዕራፍ አባካኞች የሰይጣን ወንድሞች ተብለዋል፤ ከዚያው አጠገብም እጅን ፈጽሞ መቋጠርና ፈጽሞ መዘርጋት ሁለቱም ተነቅፈዋል። በፉርቃን ምዕራፍ የተመሰገኑትም በሁለቱ መካከል ያሉት ናቸው። እንግዲህ የምንፈልገው መካከለኛውን መንገድ ነው።

ስለ እህል

የነቢዩ ዩሱፍን ታሪክ አስብ። የግብጽ ንጉሥ ሕልም ባየ ጊዜ የሰጡት ምክር ሰባት ዓመት እንዲዘሩ፣ ከሚበሉት ጥቂት በቀር የታጨደውን በዛላው እንዲተዉት ነበር። ይህም እህልን ከነቀዝ የመጠበቅ ጥበብ ነው፤ ከገለባው ያልተፈለፈለ እህል ቶሎ አይበላሽምና።

አገራችንም ይህን ምክር ችላ የማለትን ዋጋ ታውቃለች። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በሆነው ክፉ ቀን የከብት በሽታ በሬዎችን ፈጀ፤ ማሳ እያለ የሚያርስበት ታጣ። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ዝናብ ቀርቶ በወሎና በሰሜን ሸዋ ብዙ ነፍስ ጠፋ። በእንዲህ ያለ ዘመን ሙሉ ጎተራ ያለው ሰው ራሱን ብቻ ሳይሆን ጎረቤቱንም ያተርፋል።

ስለዚህ የቤቱ ጌታ ሆይ፤ እህልህን ሳይደርቅ አታግባ። ፍሬውን በጥርስህ ስበረው፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፤ ከተላመጠ ግን ወደ ፀሐዩ መልሰው። የአንኮበር ደጋ ጭጋጋማ ስለ ሆነ፣ በበልግም በክረምትም ዝናብ ስለሚያገኝ፣ ጎተራህን ከመሬት ከፍ አድርገህ በድንጋይ ወይም በእንጨት ላይ አቁመው። ጤፍ ፍሬው ደቃቅ ስለ ሆነ ነቀዝ አይደፍረውም፤ ብዙ ዓመትም ይቀመጣል። ማሽላና በቆሎ ግን ቶሎ ይነቅዛሉ፤ ስለዚህ አስቀድመህ የምትበላው እነርሱን ይሁን። በዘመናችን ሦስት ድርብ ሆኖ የተሠራ አየር የማያስገባ ከረጢት ይሸጣል፤ አፉ በደንብ ከታሰረ በውስጡ ያለው ነቀዝ አየር አጥቶ ይሞታል፤ መድኃኒትም አያሻውም። ለነቀዝ ተብሎ የሚሸጠውን እንክብል መርዝ ግን ሰው በሚተኛበት ቤት ፈጽሞ አታግባ። ከርሱ የሚወጣው አየር ሰው ይገድላል፤ እህል አድኖ ነፍስ የሚያጠፋ ቁጠባ አይደለም።

ስለ መሶብ

ነቢያችን ከእጅ የወደቀች ጉርሻ ተነሥታ፣ ጉድፏ ተጠርጎ እንድትበላ እንጂ ለሰይጣን እንዳትተው አዝዘዋል። የሁለት ሰው ምግብ ለሦስት እንደሚበቃም አስተምረዋል። ይህን የሚያውቅ ሰው ግማሽ እንጀራ እንዴት ወደ ጉድፍ መጣያ ይጥላል?

እኔ በልጅነቴ ደረሳ ነበርሁ። ሉሐችንን ከምጣድ ሥር በተፋቀ ጥቀርሻ በተበጠበጠ ቀለም እንጽፍበት ነበር፤ የተጻፈው በቃላችን ሲያዝ ሉሑ ታጥቦ እንደገና ይጻፍበታል። ምግባችንም ከየቤቱ ለምነን የምናመጣው ነበር። ሸሃችን የትናንቱን እንጀራ ከዛሬው ለይተው የትናንቱን አስቀድመን እንድንበላ፣ የተረፈውንም በፀሐይ አድርቀን በአቁማዳ እንድናኖር ያዝዙን ነበር። እኛ ልጆች ስለ ነበርን በልባችን እናጉረመርም ነበር። ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላና ከመንደር መንደር መሻገር ሲያቅተን ግን ያን ድርቆሽ በውሃ አርሰን፣ በበርበሬ ለውሰን እየበላን አድረናል። ከዚያ ወዲህ እንጀራ ተጥሎ ባየሁ ቍጥር በዚያ ክረምት የነበሩት ልጆች ይታዩኛል።

የቤቱ እመቤት ሆይ፤ ይህ ምክር ላንቺ ነው። ቤተ ሰብሽን ቍጠሪና በቍጥሩ ልክ ጋግሪ። እንጀራው ሻጋታ ሳይነካው በፊት የተረፈውን ቈራርሰሽ በንጹሕ ጨርቅ ላይ አስጪው፤ ፈጽሞ የደረቀ ድርቆሽ ለወራት ይቀመጣል፤ ለመንገደኛም ስንቅ ይሆናል። የሻገተውን ግን ልጆችሽን አታብያቸው፤ ሻጋታው ቢጠረግም መርዙ በውስጥ ይቀራልና። የሻገተ በቆሎና ለውዝማ ጕበትን የሚጎዳ መርዝ አለበት። በበሽታ የሚመለስ ቁጠባ ኪሳራ ነው። ደግሞም ይህን እወቂ፤ ሴት ከቤቷ ምግብ ሳታባክን ለድኻ ብትሰጥ ለርሷ ስለ መስጠቷ፣ ለባሏም ስለ ማግኘቱ ምንዳ እንዳላቸው ነቢያችን ነግረውናል። ስለዚህ የተረፈ ምግብ ሳይቀዘቅዝና ሳይበላሽ ወደ ጎረቤት ይሂድ፤ ከተበላሸ በኋላ መስጠት ሰደቃ ሳይሆን ድኻን መናቅ ነው።

ስለ ውሃና ማገዶ

ነቢያችን በአንድ ሙድ ውሃ ዉዱእ ያደርጉ ነበር። ሙድ ማለት መካከለኛ ሰው ሁለት እጁን አጋጥሞ የሚሞላው እፍኝ ነው፤ በሊትርም ቢለካ አንድ ሊትር አይሞላም። በዚህ ልክ ኻያ ሊትር የሚይዝ አንድ ጀሪካን ከኻያ አምስት ጊዜ በላይ ለዉዱእ ይበቃል። ወንድሜ ሆይ፤ ያን ጀሪካን በጀርባዋ ተሸክማ ዳገት የምትወጣው ሚስትህ ወይም ልጅህ ናት። አንተ በመስጊዱ ቧንቧ ከፍተህ ስትነጋገር የሚፈሰው ውሃ በሌላ ቤት የአንዲት ልጅ ድካም ነው።

ማገዶም እንዲሁ ነው። በሦስት ጕልቻ የሚነድ እሳት አብዛኛው ሙቀቱ ወደ ውጭ ይባክናል። ምርጥ የተባለው ማገዶ ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ ማገዶውን እስከ ግማሽ ድረስ ይቀንሳል፤ ላቀች የተባለውም የከሰል ምድጃ ከሰልን ያተርፋል። ዋጋቸውም ጥቂት ነው። በየቀኑ ምጣድ ከማሟሟቅ በሳምንት ሁለት ቀን መጋገር ይሻላል፤ እንጀራው ካለቀ በኋላም በቀረው ትኩሳት ቆሎ ይቈላበት። ሽሮና ምስር ውሃ ውስጥ ገብተው ሲበስሉ ድስቱ ይከደን። ነቢያችን ማታ ከመተኛት በፊት መብራት እንዲጠፋና ዕቃ እንዲከደን አዝዘዋል፤ ዛሬ ደግሞ አምፖሉን በማጥፋት ይህን ሱና ትፈጽማለህ፤ ሒሳብህንም ታቀልላለህ።

ስለ ቆዳና ስለ ልብስ

የነቢያችን ሚስት የመይሙና አገልጋይ የሆነች ሴት በግ ሞታባት ተጥላ ነቢያችን አይተዋት ቆዳዋን ለምን እንዳልተጠቀሙበት ጠየቁ። በክት ናት ባሏቸው ጊዜ የተከለከለው መብላቷ ብቻ እንደ ሆነ ነገሯቸው። ዛሬ ግን በዒደል አድሓ ማግስት የቆዳ ዋጋ ረክሷል በሚል ምክንያት በየመንገዱ ተጥሎ ሲሸት እናያለን። ቆዳው ከተገፈፈ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሥጋው ተፍቆ ጨው ቢነሰነስበት አይበሰብስም፤ መስገጃም፣ ምንጣፍም፣ አቁማዳም ይሆናል። የኡድሒያን ቆዳ ለአራጁ በዋጋው ፈንታ መስጠት ግን የተከለከለ ነው፤ ተጠቀምበት ወይም ሰደቃ አድርገው። ጎረቤቶቻችን መንዞች የበጉን ጠጕር ሳይጥሉ ባናና በርኖስ ይሠሩበታል፤ መልካም ምሳሌ ነው። የተቀደደ ልብስህንም ለመጣፍ አትፈር። ነቢያችን ጫማቸውን በእጃቸው ይሰፉ፣ ልብሳቸውንም ይጥፉ ነበር።

ስለ ድግስና ስለ ዕዳ

አሁን ወደ ትልቁ ቀዳዳ ደረስን። እስካሁን ያልነው ሁሉ በጠብታ የሚፈስ ነው፤ ድግስ ግን ዓመት ሙሉ የተጠራቀመውን በአንድ ቀን ያፈስሰዋል። እኔም በዚህ ተሳስቻለሁ። ባገባሁ ጊዜ ሰው እንዳይንቀኝ ብዬ ተበድሬ ደገስሁ። ምግቡ በሁለት ቀን አለቀ፤ ዕዳው ግን አራት ዓመት ከኔ ጋር ኖረ። የበሉት ሰዎች ረስተውታል፤ እኔ ግን አልረሳሁትም።

የዕዳን ነገር አታቅልል። አንድ ሰው ሞቶ ነቢያችን እንዲሰግዱበት ባመጡት ጊዜ ዕዳ እንዳለበትና እንዳልከፈለው ሰሙ። ዕዳውም ሦስት ዲናር ነበር። እርሳቸውም ባልደረቦቻቸው እንዲሰግዱበት ነግረው ራሳቸው ተዉት። አቡ ቀታዳ ዕዳውን በራሱ ላይ በወሰደ ጊዜ ብቻ ሰገዱበት። ወንድሜ ሆይ፤ ሦስት ዲናር ይህን ካደረገ፣ ለማይረባ ድግስ የተበደርኸው ምን ያደርግ ይሆን?

ከሠርግም የሚብስ የሐዘን ቤት ድግስ ነው። ጃዕፈር በሙእታ በሞቱ ጊዜ ነቢያችን ሌሎች ሰዎች ለጃዕፈር ቤተ ሰቦች ምግብ እንዲሠሩ አዘዙ፤ እነርሱ በሐዘን ተይዘዋልና። እኛ ግን ነገሩን ገለበጥነው። ሟች ቤት ተበድሮ በሬ ይገዛል፤ ለቀስተኛውም ይበላል። ሟቹ ትንንሽ ልጆች ትቶ እንደ ሆነ ያ በሬ የተገዛው በየቲሞች ገንዘብ ነው። ውርስ ሳይከፈል፣ ዕዳም ሳይከፈል፣ ከየቲም ድርሻ ለድግስ ማውጣት አይፈቀድም፤ የቲሞች ባይቃወሙም አይፈቀድም፤ ፈቃዳቸው ገና ፈቃድ አይደለምና። የቲምን ገንዘብ በግፍ የሚበላ በሆዱ እሳት እንደሚበላ በኒሳእ ምዕራፍ ተነግሯል። ስለዚህ እድርና ቅሬ ያላችሁ ሰዎች ሆይ፤ ወደ ሐዘን ቤት ስትሄዱ ምግቡን ይዛችሁ ሂዱ እንጂ ምግብ ፈልጋችሁ አትሂዱ። ይህን አንድ ልማድ ብታቀኑ የብዙ ሕፃናትን ጎጆ ትጠብቃላችሁ።

ስለ ነጋዴው ሁለት ኪስ

ነጋዴው ወንድሜ ሆይ፤ የሱቅህንና የቤትህን ገንዘብ በአንድ ኪስ አታኑር። ከሱቁ ለቤትህ የምታወጣውን በሳምንቱ መጀመሪያ ቈርጠህ ስጥ፤ ከዚያ ውጭ የወሰድኸውን ኪሎ ስኳርም ቢሆን እንደ ሌላ ሰው ዱቤ ጻፈው። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ስለ ዕዳ መጻፍ የወረደ ነው፤ ይህም ነገሩ ምን ያህል እንደ ከበደ ያሳያል። ዓመት ሲሞላ ዕቃህን ቍጠርና ኒሳብ የሞላ እንደ ሆነ ከአርባ አንዱን ዘካ አውጣ። ልብ በል፤ በከንቱ የፈሰሰው ገንዘብ ዘካ አይወጣበትም። እንግዲህ ባባከንህ ቍጥር ያጎደልኸው የራስህን ብቻ ሳይሆን ለድኻው ሊደርሰው የነበረውንም ነው።

አንድ ሰው፦ ይህ ሁሉ ስስት አይደለምን? እንግዳ የሚያከብር ሰው እህል ይቈጥራልን? ይል ይሆናል። መልሱ ይህ ነው። ስስታም የሚቈጥበው ላለመስጠት ነው፤ አማኝ የሚቈጥበው የሚሰጠው እንዲኖረው ነው። ሁለቱን የሚለያቸው እንግዳ ሲመጣ፣ ዘመድም ሲቸግረው ነው። የዚያን ቀን የአንዱ እጅ ይታሰራል፤ የሌላው ጎተራ ይከፈታል።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ ከዛሬ ማታ ጀምራችሁ አንዲት ቀዳዳ ድፈኑ፤ ለሚቀጥለውም ሳምንት ሌላዋን። አላህ ለሁለቱም ጥያቄዎች መልስ ያለን ያድርገን፤ ዕዳ ያለበትን ከዕዳው ይገላግለው፤ የቲሞቻችንን ይጠብቅ፤ በሲሳያችንም በረካን ያኑር። አሚን።