መጣሁ ስትዪ፣ ሄድኩ ስትዪ

ልጄ፣ ስፓኒሽ መጀመርሽን ሰምቼ ደስ አለኝ። በ1970ዎቹ በሺዎች የሚቆጠሩ የእኛ ልጆች ኩባ፣ ኢስላ ዴ ላ ሁቤንቱድ ደሴት ላይ፣ ግማሽ ቀን እየተማሩ ግማሽ ቀን የፍራፍሬ እርሻ እየሠሩ ያደጉበት ቋንቋ ነው። «ኢር»ን፣ «መሄድ»ን ቶሎ ያዢ።

1. ቦይ፣ ባስ፣ ባ፣ ባሞስ፣ ባን፤ እሄዳለሁ፣ ትሄጃለሽ፣ ይሄዳል፣ እንሄዳለን፣ ይሄዳሉ። በቃልሽ አጥኚው። ከ«ኢር» ጋር ለምን አይመሳሰልም ካልሽ፣ ሦስት የላቲን ግሦች ተዳብለው ነው። ኩባዎች የመጨረሻዋን «ስ» ስለሚውጧት «ባሞ» ቢሉሽ አትደናገሪ።

2. በር ሲንኳኳ እኛ «መጣሁ!» እንላለን። እነሱ «ያ ቦይ» ይላሉ፤ እየሄድኩ ነው እንደማለት። «ቤኒር»፣ መምጣት፣ ተናጋሪው ወዳለበት ሲሆን ነው። ጓደኛሽ ፒያሳ ሆና ስትደውል እሷ «ቤን» ብላ ትጠራሻለች፤ አንቺ ቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ደጅ ቆመሽ «ቦይ» ትያታለሽ። «ቤንጎ» ካልሻት ወደ ቀጨኔ የምትመጪ ይመስላታል። ቡና እየተጠጣ ብድግ ብለሽ «መጣሁ» ስትዪስ? እሱ ሌላ ነው፤ የምትመለሺው እዚያው ስለሆነ «አኦራ ቤንጎ» ይባላል። የእኛ አንድ «መጣሁ» እዚያ ሁለት ቦታ ይከፈላል። ተማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እኔ ከሰዋስው መጽሐፉ ይልቅ እግርሽ የት እንደቆመ እንድትጠይቂ እመርጣለሁ።

3. «ቦይ አ ፒያሳ» መድረሻሽን ይናገራል። ተሰናብተሽ «በቃ፣ ሄድኩ» ስትዪ ግን «ሜ ቦይ» ነው። አማርኛችን ገና ሳይነሳ በኃላፊ ጊዜ ይናገራል፤ ያንን ቃል በቃል አትውሰጂው።

4. «ፉዊ» ሄድኩም፣ ነበርኩም ነው። «ፉዊ አ ፒያሳ» እና «ፉዊ ማኤስትራ»፤ መሄዱን የምትነግርሽ መሐል ያለችው «አ» ናት።

5. «ቦይ አ ኮሜር» ሲሉሽ የትም አይሄዱም፤ «ልበላ ነው» ማለታቸው ነው።

6. የ«ኢር»ና የ«ቤኒር» ሕግ በ«ዬባር»፣ መውሰድ፣ እና በ«ትራኤር»፣ ማምጣት፣ ላይም ይሠራል። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ጀበናዋን ወደ ገበያ «ዬባ»፤ ገዢዋ ቤቷ ሆና «ትራኤሜ» ትላለች፣ አምጪልኝ።

7. ሰፈራችን ቀጨኔ ዳገት ስለሆነ ወደ እንጦጦ «ሱቢር»፣ መውጣት፣ ወደ ፒያሳ «ባሃር»፣ መውረድ፣ ያስፈልጉሻል። ብዙዎች «ሱቢር አሪባ»፣ ወደ ላይ መውጣት፣ ይላሉ። «ሱቢር» ብቻውን ወደ ላይ ስለሆነ መምህርሽ ምናልባት ያርምሽ ይሆናል፤ እኛም «ወደ ላይ ወጣ» እንላለን፣ ማንም አርሞን አያውቅም።