ሠዓሊና ባለ ሱቅ ሲተባበሩ

የሙያ ትምህርት

በየብሎኩ ስንዘዋወር እጃቸው ያማረ ወጣቶች እናያለን። በደብተር ሽፋን ላይ ወፍና አበባ የሚሥሉ፣ የሻይ ቤት ግድግዳ የሚያስውቡ፣ ለጓደኛ ሠርግ የጥሪ ካርድ የሚያዘጋጁ ብዙ ናቸው። አብዛኛዎቹ ግን ይህን ችሎታቸውን ከጊዜ ማሳለፊያ አያስበልጡትም። ጥቂቶቹ ደግሞ ለባለ ሱቅ ሥለው ከሰጡ በኋላ፣ ሥዕላቸው በቦርሳና በካናቴራ ላይ ታትሞ ሲሸጥ ከሩቅ ተመልካች ሆነው ቀርተዋል።

የዛሬው ትምህርታችን በዚሁ ጉዳይ ላይ ነው። ትምህርቱን አንብባችሁ ስትጨርሱ፦

ሀ/ አንድ ስደተኛ ነዳፊና አንዲት ባለ ሱቅ እንዴት ተባብረው እንደሠሩ ትረዳላችሁ፤
ለ/ ሥዕል ወደ ዕቃ የሚለወጥበትን ቀላል ዘዴ ታውቃላችሁ፤
ሐ/ ከባለ ሱቅ ጋር ስትዋዋሉ ሒሳቡንና መብታችሁን መለየት ትችላላችሁ።

1. የስቶክሆልሟ ባለ ሱቅና ከቪየና የመጣው እንግዳ

ኤስትሪድ ኤሪክሶን የተባለች ስዊድናዊት የሥዕል መምህርት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1924 ከአባቷ ባገኘችው ውርስ በስቶክሆልም ከተማ አንዲት ትንሽ ሱቅ ከፈተች። መጀመሪያ የምትሸጠው ከቆርቆሮ ቅይጥ የተሠሩ ዕቃዎችን ስለ ነበር ሱቋን «ስቬንስክት ቴን» አለችው፤ «የስዊድን ቆርቆሮ» ማለት ነው።

በዚያው ዘመን በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና ዮዜፍ ፍራንክ የሚባል የቤት ንድፍ ባለሙያ ይኖር ነበር። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1885 ሲሆን በዘሩ አይሁዳዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 ከሙያ ጓደኛው ጋር የቤት ዕቃና ጨርቅ የሚሸጥ መደብር በቪየና አቋቁሟል። ይሁን እንጂ በአይሁዶች ላይ የሚደረገው ጥላቻ እየበረታ ስለ ሄደ፣ እ.ኤ.አ. በ1933 ከስዊድናዊት ባለቤቱ ጋር ወደ ስዊድን ሄደ። ዕድሜው ሃምሳ ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1938 ናዚ ጀርመን ኦስትሪያን ስትይዝ የቪየናው መደብር ከአይሁድ ባለቤቶቹ እጅ ወጣ።

ፍራንክ እ.ኤ.አ. በ1934 ለኤስትሪድ ሱቅ መሥራት ጀመረ። ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ መብራት ነደፈ፤ ከሁሉም በላይ ስሙን ያስጠራው ግን ለመጋረጃና ለወንበር ልብስ የሚሆኑ አበባና ወፍ የሞላባቸው የጨርቅ ጥለቶች ናቸው። የሱቁ ዕቃዎች እ.ኤ.አ. በ1937 በፓሪስ፣ በ1939 ደግሞ በኒው ዮርክ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽኖች ላይ ቀረቡ።

ጦርነቱ ሲስፋፋ ፍራንክ እንደገና ተሰደደ። እ.ኤ.አ. በ1941 ወደ ኒው ዮርክ ሄዶ እስከ 1946 ቆየ። በመካከላቸው ውቅያኖስ ቢኖርም ሥራው አልተቋረጠም። እ.ኤ.አ. በ1944 ኤስትሪድ 50 ዓመት ሲሞላት 50 አዳዲስ ንድፎችን የልደት ስጦታ አድርጎ ላከላት። ወደ ስቶክሆልም ከተመለሰ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1967 እስኪሞት ድረስ ከሱቁ ጋር ነበር። በሕይወቱ 160 ያህል የጨርቅ ጥለቶችን ነድፏል። ሱቁ ዛሬም አለ፤ ጥለቶቹም ይሸጣሉ።

2. ትብብራቸው ለምን ሠመረ?

አንደኛ፣ ሁለቱም የየራሳቸውን ሥራ ያውቁ ነበር። ፍራንክ ይነድፋል፤ ኤስትሪድ ትሸጣለች። እርሷም ጨርቁን አጣጥፋ መደርደሪያ ላይ በመቆለል አልተወሰነችም። መጋረጃውን ሰቅላ፣ ወንበሩን አልብሳ፣ አበባ በማስቀመጫ አድርጋ፣ የተሟላ ክፍል አስመስላ ታሳይ ነበር። ገዢው ጨርቁ በቤቱ ውስጥ ምን እንደሚመስል በዓይኑ ያያል። ሠዓሊ ብቻውን ይህን ማድረግ ይከብደዋል፤ ባለ ሱቅም ንድፉ ከሌላት የምታሳየው የላትም።

ሁለተኛ፣ የሚሠሩት ዕቃ ደስ የሚያሰኝ ነበር። ፍራንክ አገሩን ያጣ ሰው ነው። ነገር ግን በዚያ የጦርነት ዘመን የነደፋቸው ጥለቶች ዛፍ፣ ፍራፍሬ፣ ቢራቢሮና ወፍ የሞላባቸው ናቸው። ከነዚህም አንዱ «ማንሃተን» የሚባለው ጥለት፣ በስደት የተቀመጠበትን የኒው ዮርክ ከተማ ካርታ ወደ ጨርቅ የለወጠ ነው። ጥለት ያለው ነገር ዓይንን ያሳርፋል የሚል እምነትም ነበረው።

እዚህ ላይ ለእኛ የሚሆን ቁም ነገር አለ። ሰው «ስደተኛ ሠራው» ብሎ በሐዘኔታ አንድ ጊዜ ይገዛል። ዕቃው ራሱ ስላስደሰተው የገዛ ግን ተመልሶ ይመጣል፤ ጎረቤቱንም ይዞ ይመጣል። ደስ የሚል ሥዕል መሣል ችግርን መካድ አይደለም። እናቶቻችን በችግር ዘመንም ቢሆን መሶቡን ያለ ቀለም አልሰፉትም፤ ነጠላውም ያለ ጥለት አልተሸመነም።

3. ሥዕል ወደ ዕቃ እንዴት ይለወጣል?

ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሥዕልና ዕቃ ላይ የሚታተም ሥዕል ይለያያሉ። ሦስት ነገሮችን አስታውሱ።

ሀ/ መደጋገም። ጨርቅ ረጅም ስለሆነ ሥዕሉ መጋጠሚያው ሳይታወቅ መደጋገም አለበት። ዘዴው ቀላል ነው። በአራት ማዕዘን ወረቀት መካከል ሥዕሉን ሣሉ፤ ጠርዙን ግን ባዶ ተዉት። ከዚያ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች መሐል ለመሐል ቆርጣችሁ የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አዙሩና ከጀርባ በፕላስተር አያይዙት። ቀጥሎ ወርዱን በመሐል ቆርጣችሁ የላዩን ወደ ታች፣ የታቹን ወደ ላይ አድርጉ። አሁን መሐሉ ላይ ባዶ ቦታ ታገኛላችሁ። እሱን ጠርዙን ሳትነኩ በቅጠልና በአበባ ሙሉት። ይህ ወረቀት ጎን ለጎን ሲባዛ በሁሉም አቅጣጫ ይገጥማል።

ለ/ ቀለም መቆጠብ። በሲልክ ስክሪን ሲታተም ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ስክሪን ያስፈልጋል። አምስት ቀለም ማለት አምስት ስክሪን፣ አምስት ጊዜ ማተም ማለት ነው። ለጀማሪ ሁለት ቀለም ይበቃል። የጨርቁ የራሱ ቀለም እንደ ሦስተኛ ሆኖ ያገለግላል።

ሐ/ ከርቀት ማየት። ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ አምስት እርምጃ ራቁ። ወፉ ወፍ መሆኑ ካልታወቀ መስመሩን አወፍሩ፤ ትናንሹን ነገር ቀንሱ። ቦርሳ የሚታየው ሰው ይዞት ሲሄድ ነው።

4. ሦስት ዓይነት ውል

ሀ/ በቁርጥ ዋጋ። ባለ ሱቁ አንድ ጊዜ ከፍሎ ሥዕሉን ይወስዳል። ገንዘቡ ወዲያው በእጅ ይገባል፤ ዕቃው በጣም ቢሸጥ ግን ሠዓሊው የሚያገኘው ተጨማሪ የለም።

ለ/ በአደራ። ሠዓሊው ራሱ የሠራውን ዕቃ ሱቅ ያስቀምጣል፤ ሲሸጥ ይከፈለዋል። ለምሳሌ አንድ የመልካም ምኞት ካርድ ወረቀትና ቀለሙ 15 ሽልንግ፣ ፖስታው 5 ሽልንግ፣ የሥራ ጊዜው 20 ሽልንግ ቢሆን፣ ወጪው 40 ሽልንግ ነው። ለሱቁ በ60 ቢሰጠውና ሱቁ በ90 ቢሸጠው ሁለቱም ያተርፋሉ። ብዙ ሰው የሥራ ጊዜውን ሒሳብ ውስጥ አያስገባም። የራሳችሁን ጊዜ በነፃ አትቁጠሩት።

ሐ/ በመቶኛ። ባለ ሱቁ በራሱ ወጪ ያሳትማል፤ ከሚሸጠው ከእያንዳንዱ ዕቃ ለሠዓሊው የተወሰነ እጅ ይሰጣል።

አሁን እናወዳድር። ቁጥሮቹ ለመልመጃ ያህል ናቸው። አንድ ሱቅ የእናንተን ሥዕል በ200 ቦርሳዎች ላይ አትሞ እያንዳንዱን በ400 ሽልንግ ይሸጣል እንበል። በቁርጥ 3,000 ሽልንግ ወይም ከሽያጩ 8 በመቶ ምረጡ ተባላችሁ። 8 በመቶ ከአንድ ቦርሳ 32 ሽልንግ ነው። 200ዎቹ በሙሉ ቢሸጡ 6,400 ሽልንግ ታገኛላችሁ። 60 ብቻ ቢሸጡ ግን 1,920 ነው፤ ከቁርጡ ያንሳል። መቶኛው ከቁርጡ የሚበልጠው ከ94ኛው ቦርሳ ጀምሮ ነው። ስለዚህ ከመምረጣችሁ በፊት ሱቁ በወር ስንት ቦርሳ እንደሚሸጥ ጠይቁ። ሁለቱን ማቀላቀልም ይቻላል፤ ለምሳሌ 1,500 ሽልንግ በቅድሚያና 4 በመቶ ከሽያጩ።

5. ሥዕሉ የማን ነው?

እ.ኤ.አ. የ1951 የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 14 ብዙዎቻችን የማናውቀው መብት ይዟል። ስደተኛ በሚኖርበት አገር የኪነ ጥበብ ሥራው፣ የንድፉና የንግድ ምልክቱ ጥበቃ ከአገሩ ዜጎች እኩል ሊሆን ይገባል ይላል። ሥዕላችሁ ንብረታችሁ ነው ማለት ነው።

ነገር ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው የኬንያ የቅጂ መብት ሕግ መሠረት፣ በትእዛዝ የተሠራ ሥዕል መብቱ ወደ አዛዡ እንደተላለፈ ይቆጠራል፤ ይህ የሚቀረው ሁለቱ ወገኖች በሌላ መልክ ከተስማሙ ብቻ ነው። በራሳችሁ ፈቃድ የሣላችሁት ሥዕል መብት ግን ያለ ጽሑፍና ያለ ፊርማ ከእናንተ ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም።

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ የደረሰበትን ላካፍላችሁ። ለአንድ ሱቅ ሁለት ወፎች ያሉበት ሥዕል በትእዛዝ ሠርቶ ጥቂት ገንዘብ ተቀበለ። ከወራት በኋላ ሥዕሉን በቦርሳ፣ በትሪና በካናቴራ ላይ አገኘው፤ ስሙ የትም የለም። ሲጠይቅ «አዘዝኩህ፣ ከፈልኩህ» ተባለ። ልጁ «እኔ የተስማማሁት ለቦርሳ ብቻ ነው» ቢልም የሚያሳየው ወረቀት አልነበረውም። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚባለው ለዚህ ነው።

6. በአንድ ገጽ ውል ላይ የሚሰፍሩ ነጥቦች

• የሁለቱ ወገኖች ስምና ቀን፤
• የሥዕሉ ትንሽ ቅጂ፣ ከጀርባው ሁለቱም የፈረሙበት፤
• በየትኛው ዕቃ ላይ፣ ስንት ፍሬ እንደሚታተም፤
• ክፍያው በቁርጥ፣ በአደራ ወይስ በመቶኛ እንደሆነና መቼ እንደሚከፈል፤
• የሠዓሊው ስም በዕቃው ላይ እንደሚጻፍ፤
• የቅጂ መብቱ የሠዓሊው ሆኖ እንደሚቀር፤
• ውሉ የሚያበቃበት ቀንና ያልተሸጠው ዕቃ ምን እንደሚሆን።

ወረቀቱ በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙበት። ቋንቋው የማይገባችሁ ከሆነ የሚያነብላችሁ ሰው ሳታገኙ አትፈርሙ። ዕቃ ይዛችሁ ከካምፑ ከመውጣታችሁ በፊትም ስለ መንቀሳቀሻና ስለ ንግድ ፈቃድ የሚመለከተውን ቢሮ ጠይቁ። የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ያስጀመረው «ሜድ 51» የሚባል ፕሮግራም የስደተኞችን የእጅ ሥራ ከአገር ውስጥ ድርጅቶች ጋር እያገናኘ ወደ ገበያ ያደርሳል። በአካባቢያችሁ ይሠራ እንደሆነ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞችን ጠይቁ።

መልመጃ

1) በክፍል 4 በተሰጠው ምሳሌ፣ 1,500 ሽልንግ በቅድሚያና 4 በመቶ ብትዋዋሉ፣ 200 ቦርሳ ሲሸጥ ስንት ታገኛላችሁ? 60 ሲሸጥስ?
2) በክፍል 3 በተገለጸው ዘዴ ከመሶብ ወይም ከነጠላ ጥለት አንድ የሚደጋገም ንድፍ ሥሩ። ከሁለት ቀለም አትለፉ።
3) ከጓደኛችሁ ጋር አንዳችሁ ሠዓሊ፣ አንዳችሁ ባለ ሱቅ ሆናችሁ የአንድ ገጽ ውል ጻፉ። ቀጥሎ ቦታ ተለዋውጣችሁ ውሉን እንደገና አንብቡት። በሁለቱም ወንበር ላይ ተቀምጦ ቅር የማያሰኝ ውል ጥሩ ውል ነው።

የጥያቄ 1 መልስ፦ 4,700 ሽልንግ፤ 2,460 ሽልንግ።

ውድ አንባብያን፣ ባለ ሱቅ ሁሉ አታላይ አይደለም፤ ኤስትሪድና ፍራንክ ከ30 ዓመት በላይ አብረው መሥራታቸው ለዚህ ምስክር ነው። ውል የሚጻፈውም መልካም ትብብር ዕድሜ እንዲኖረው ነው። እጃችሁ ላይ ያለውን ሙያ አክብሩት፤ ዋጋውን አስሉ፤ ከዚያ በኋላ የሱቁን በር አንኳኩ።

ከአንድ የካምፑ ትምህርት ቤት መምህር