ሁለት ቢራ በአንድ ብርጭቆ

በአሶሳ ጭማቂ ቤቶች ስፕሪስ ያዘዘ ሰው የማንጎው ቢጫና የአቮካዶው አረንጓዴ ሳይደባለቁ ተደራርበው ይቀርቡለታል። በእንግሊዝና በአሜሪካ መጠጥ ቤቶችም ሁለት ዓይነት ቢራ እንዲሁ በአንድ ብርጭቆ ይቀዳል፤ ፈካ ያለው ከታች፣ ጥቁሩ ጊነስ ከላይ። ጥቁሩ የከበደ መስሎ ሳለ ስለምን ከላይ ይንሳፈፋል? በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ እንመለከታለን።

ጭማቂው ሳይደባለቅ የሚቆየው በተለይ ወፍራም በመሆኑ ነው። ቢራ ግን እንደ ውኃ ቀጭን ስለሆነ ከላይና ከታች የሚሆነውን የሚወስነው እፍግታ፣ ማለትም መጠነ ቁስ ለይዘት ሲካፈል የሚገኘው ውጤት ነው። በቢራ ውስጥ ሳይብላላ የቀረ ስኳር እፍግታን ይጨምራል፤ አልኮል ደግሞ እፍግታው ከውኃ 0.79 እጥፍ ብቻ በመሆኑ ይቀንሳል። የጊነስ ጥቁረት የሚመጣው ከጥቂት የተቆላ ገብስ ነው። እንግዲህ ቀለም የክብደት ምስክር አይደለም።

ይህን ያለ አልኮል መሞከር ይቻላል። በክልላችን የታወቀውን ከርከዴ አፍልተን ብዙ ስኳር እናሟሟበትና እናቀዝቅዘው። ከዚያም ንጹሕ ውኃ በማንኪያ ጀርባ ላይ ቀስ አድርገን እናፍስስበት። ቀዩ ከታች ይቀራል። ቅደም ተከተሉን ብንገለብጠው ግን ከርከዴው ወደ ታች እየሰመጠ ይደባለቃል።

ወደ ቢራው እንመለስ። ብዙ ወጣቶች “ቢራ ሲደባለቅ የበለጠ ያሰክራል” ይላሉ። እስቲ እናስላው። 250 ሚሊ ሊትር ባለ 5 በመቶ ቢራ 12.5፣ ያንኑ ያህል ባለ 7 በመቶ ቢራ ደግሞ 17.5 ሚሊ ሊትር አልኮል ይይዛል። ድምሩ 30 ሚሊ ሊትር፣ ድብልቁም 6 በመቶ ይሆናል። መደባለቁ አንዲት ጠብታ አልኮል አልፈጠረም። ይሁንና ግማሽ ሊትር ባለ 5 በመቶ ቢራ ጠጥቻለሁ ብሎ የሚቆጥር ሰው 25 ሳይሆን 30 ሚሊ ሊትር ወስዷል። ይህም 24 ግራም ያህል ነው። ጉበት በሰዓት በአማካይ ከ7 እስከ 10 ግራም ስለሚያስወግድ፣ ከአንድ ብርጭቆ ለመጽዳት 3 ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል።

ችግሩ የሚብሰው ቢራ ከቤት ጠላ ወይም ከአረቄ ጋር ሲቀላቀል ነው። የጠላ ጥንካሬ እንደ ጠማቂዋ፣ እንደ እህሉና እንደ ቀኑ ብዛት ይለያያል፤ በእንስራው ላይም ቁጥር አልተጻፈም። ከላይ በሠራነው ስሌት 7 የነበረውን በማይታወቅ ቁጥር ብንተካው መልሱ አይገኝም። ጠጪውም ሞተር ብስክሌቱን አስነሥቶ ወደ ቤቱ ለመሄድ የሚወስነው በዚሁ ባልተፈታ ስሌት ላይ ተመሥርቶ ነው። ስለሆነም ድብልቅን የሚያስፈራው አልኮሉ ስለሚባዛ ሳይሆን ቆጠራው ስለሚጠፋ መሆኑን ተማሪዎቻችን ልብ ይበሉ።