ኦአርኤስና ዚንክ ይዛ ለምትሄድ እናት ምን እናሳያት?

ተቅማጥ የያዘው፣ ግን የውሃ እጥረት ምልክት የሌለበት ልጅ የሚታከመው ቤቱ ነው። ነርሷ መድኃኒቱን ትሰጣለች፤ በጥብጣ የምታጠጣው እናቱ ናት። ከመሸኘትዎ በፊት እነዚህን ያድርጉ።

1. መጀመሪያ ይጠይቁ። «እህቴ፣ እስካሁን ምን ሰጠሽው?» ይበሉ። ጡት ካላቋረጠች «ደግ አድርገሻል» ብለው ያበረታቷት። ፈሳሽና ምግብ ከልክላ ከሆነ ሳይቆጡ ምክንያቱን ያስረዱ፦ በተቅማጥ የወጣው ውሃና ጨው መተካት አለበት። ልጁን ቀን የምትይዘው አያቱ ከሆነች እሷም አብራ ትማር።

2. እየበጠበጡ ያሳዩ። እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ለ1 ሊትር የተዘጋጀው ፓኬት በሙሉ በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ ይበጠበጣል። መለኪያ ከሌላት ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሁለት ጊዜ ትሙላ። ፓኬቱ አይከፈልም፣ ስኳርም አይጨመርበትም። 24 ሰዓት ያለፈው ይደፋል።

3. መጠኑን በዕቃ ያሳዩ። ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ከ50 እስከ 100፣ ከዚያ በላይ ለሆነው ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ይሰጣል። ቁጥሩን ከመንገር ይልቅ ሲኒና ብርጭቆ ላይ የት ድረስ እንደሚሞላ ያሳዩ። በትንሽ በትንሹ ይጠጣ፤ ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቃ ቀስ እያለች ትቀጥል።

4. የመጀመሪያውን ዚንክ እዚያው ታሟሟ። ባለ 20 ሚሊ ግራሙ ፍሬ ማንኪያ ላይ በታለበ የጡት ወተት ወይም በንጹህ ውሃ ይሟሟል። ከ6 ወር በታች ግማሽ፣ ከዚያ በላይ 1 ፍሬ፣ በቀን አንዴ ለ10 ቀን። ተቅማጡ ሲቆም መድኃኒቱን ማቋረጥ የተለመደ ስለሆነ፣ መጨረሱ በሚቀጥሉት ከ2 እስከ 3 ወራት በሽታው የመመለስ ዕድሉን እንደሚቀንስ ይንገሯት።

5. «ገባሽ?» አይበሉ። መልሱ ሁልጊዜ «አዎ ሲስተር» ነው። ይልቅስ «እኔ በደንብ አስረድቼ እንደሆነ ልይ፤ እስኪ ቤት ስትደርሺ የምታደርጊውን አሳዪኝ» ይበሉ። የሳተችውን ብቻ ደግመው ያሳዩና እንደገና ትሞክረው።

6. የመመለሻ ምልክቶቹን ያስጠኑ፦ መጠጣት ወይም መጥባት ሲያቅተው፣ ሰገራው ላይ ደም ሲታይ፣ ሲያተኩሰው፣ ሕመሙ ሲብስበት። ከነዚህ አንዱን ካየች ሌሊትም ቢሆን ቀጠሮ አትጠብቅ። «ምን ስታዪ ይዘሽው ትመጫለሽ?» ብለው ይጠይቁ፤ አራቱንም በራሷ አነጋገር ከነገረችዎ ይሸኟት።